ስለ ሐሩርና ስለ ውበት

ሰው በመከራ ጊዜ ውበትን አይቶ ደስ ቢለው፥ ልቡ ስለ ደነደነ ነውን? ወይስ ልቡ ገና ሕያው ስለ ሆነ ነው? ይህ ጥያቄ በጉባኤ ቤት ለክርክር ብቻ የሚነሣ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በግንቦትና በሰኔ ወር በራያ ቆላ ላይ ፀሐይ ስትበረታ፥ ምድር እንደ ምጣድ ስትግል፥ ከብቱም ውኃ ፍለጋ ሲንከራተት፥ ጥያቄው ከጉባኤ ቤት ወጥቶ በሰው ፊት ይቆማል። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ቆም ብሎ የዋኖስን ድምፅ ቢያደምጥ፥ ጎረቤቱ «ይህን ሰው ምን ነካው?» ይለዋል። ጎረቤቱ ያለ ምክንያት አልተናገረም፤ የሚያደምጠውም ያለ ምክንያት አላደመጠም። ስለዚህ የሁለቱንም ነገር ሳያዳሉ መመርመር ይገባል።

አስቀድሞ ስለ ስፍራው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን በራያ ሜዳ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታም 1500 ሜትር ገደማ ነው። በምዕራብ በኩል የላስታ ተራሮች እንደ ግንብ ቆመውባታል፤ ከእነዚያ ተራሮች አንዱ አቡነ ዮሴፍ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ ይጋርዳታል፤ ከዞብል ባሻገር ምድሩ እየወረደ ወደ አፋር በረሃ ይዘልቃል። የአየርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ሰው ከደጋ ወደ ቆላ አንድ ሺህ ሜትር በወረደ ቍጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በላስታ ደጋ ጋቢ ደርቦ ያደረ መንገደኛ ራያ ሜዳ ሲደርስ ነጠላው እንኳ ይከብደዋል። ከዓመቱም ወራት ይልቅ የሚከፋው የበልጉ ዝናብ አልፎ የክረምቱ ዝናብ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ አልፎ ይወጣል፤ ወንዞቹም፥ ሆርማትና ጎሊና፥ በሜዳው ላይ ብዙውን ስፍራ አሸዋና ጠጠር ብቻ ሆነው ይታያሉ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ውበት ይገኛል? በክረምት ለሚታየው ውበት ዐይን መግለጥ ብቻ ይበቃል፤ መስኩ ለምለም ነው፥ ሰማዩም ደመና ያዘለ ነው፥ ሰው ሳይፈልገው ራሱ መጥቶ ይገናኘዋል። የሐሩር ውበት ግን ትንሽና ሽሽግ ነው፤ የሚገኘውም በጊዜውና በስፍራው ለሚጠብቀው ሰው ነው። ሊነጋ ሲል ከተራራው የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ አንዱ ነው። ሌሊት የተራራው አየር ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለ ሆነ በየሸለቆው እየተንሸራተተ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ይህ ነፋስ ፀሐይ ወጥታ ምድሩን ማሞቅ እስክትጀምር ድረስ ብቻ ይቈያል። ነገር ግን በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ሌሊቱን በሙቀት ሲገላበጥ ያደረ ሕፃን እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በሬውም አንገቱን ዘርግቶ ወደ ነፋሱ ይዞራል።

የማሽላውም ቡቃያ እንዲሁ የሚታይ ነገር አለው። በሚያዝያ ወር የተዘራው ማሽላ የክረምቱ ዝናብ እስኪደርስለት ድረስ ሐሩሩን ችሎ መቈየት አለበት። ቀትር ሲሆን ቅጠሉን እንደ ብራና ጥቅልል ይጠቀልለዋል፤ ለፀሐይ የሚሰጠው ፊት እንዲያንስ፥ በውስጡም ያለው ርጥበት እንዳይባክን ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይዘረጋዋል። አገዳው ደግሞ ሲጎለምስ በላዩ አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ይለብሳል፤ ሰው በጣቱ ቢነካው ይለቀቃል። ይህ ነጭ ነገር ሰም ነው፤ ውኃውን በውስጡ ይዞ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በጉባኤ ቤት ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል ይባላል፤ በራያ እርሻ ላይ ግን ሰሙ ወርቁን ከሞት ያድነዋል።

በቀትር ጊዜ ደግሞ ጥላ አለ። የሾላ ጥላና የግራር ጥላ አንድ አይደሉም። የሾላው ጥላ ወፍራም ነው፤ ሰውና ከብት በአንድነት ይጠለሉበታል፥ ሽማግሎችም ነገር ይጨርሱበታል። የግራር ጥላ ግን ቀጭን ነው፤ ቅጠሉ ደቃቅ ስለ ሆነ ብርሃን እንደ ወንፊት ይወርድበታል፥ በመሬቱም ላይ ነፋስ በነካው ቍጥር የሚንቀሳቀስ ሥዕል ይሣላል። በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ቢጫ ወፍ ተንጠልጥሎ፥ አንድ አንድ የሣር ዘለላ እያመጣ፥ ሴት ሙዳይ እንደምትሰፋ ጎጆውን ይሰፋል። የሚሠራው ወንዱ ነው፤ ሴቲቱ መጥታ ትመረምርለታለች፥ ሥራው ደስ ካላላት ትታው ትሄዳለች። ከዛፉ ሥር በተቀመጠችው ገንቦ ላይ ደግሞ ላብ የመሰለ ነጠብጣብ ይታያል። ውኃው በሸክላው ቀዳዳ ጥቂት በጥቂት እየወጣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ በውስጡ የቀረው ይቀዘቅዛል። የገንቦዋ ላብ ለጠማው ሰው ከዕንቍ ይልቅ ያምራል።

ሲመሽ ዋኖሶች ወደ ውኃ ይበራሉ። ደረቅ ፍሬ የሚለቅም ወፍ ውኃ ሳይጠጣ መዋል ስለማይሆንለት፥ የውኃውን መንገድ ከሰው ይልቅ ያውቀዋል። ከዚያም በኋላ ጨለማ ሲሆን በምዕራብ በኩል በላስታ ተራሮች ላይ መብረቅ ያለ ድምፅ ይበርቃል። ነጐድጓዱ ከሩቅ ስለ ሆነ አይሰማም፤ የተራራው ጫፍ ብቻ ለአንድ ዐይን ጥቅሻ ያህል ታይቶ ይጠፋል። በሜዳው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፥ ነገ በወንዙ ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል ገበሬው በዚህ ያውቃል። አካፋውንም አዘጋጅቶ ይተኛል፤ የራያ ገበሬ ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ በቦይ ወደ እርሻው መምራት ከአባቶቹ የተማረው ጥበብ ነውና።

እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን በዚህ ላይ ሁለት ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል።

ፊተኛው መቃወሚያ ይህ ነው። ውበት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው፤ በጥላ የተቀመጠ ያየዋል እንጂ በፀሐይ የሚሠራ አያየውም። እንስራ በጀርባዋ ተሸክማ በትኵስ አሸዋ ላይ የምትሄድ ሴት የግራሩን ሥዕል ለማየት ጊዜ የላትም። ይልቁንም ይህ አገር ከሙቀት የሚከፋ ነገር አይቷል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ላይ የወረደው ረኀብ የአገር ታሪክ ለወጠ፤ በ1977 ዓ.ም. የሆነውም ረኀብ የኮረምን ስም በዓለም ሁሉ አሰማ። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የበረሃ አንበጣ የራያን ማሽላ ለአጨዳ በደረሰበት ሰዓት በላው። በዚያው ዓመት መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በቆቦ ላይ አለፈ፤ ብዙ ቤትም ኀዘን ገባው። እንዲህ ላለ ሕዝብ «የወፉን ጎጆ ተመልከቱ» ብሎ መስበክ በቍስል ላይ መቀለድ አይደለምን?

ይህ መቃወሚያ እኵሌታው እውነት ነው፤ እውነት የሆነውንም ሳይቀንሱ መቀበል ይገባል። ጥላ ያለው ሰው ጥላ ለሌለው ስለ ውበት ሊያስተምር አይገባውም። ውኃ ለጠማው ሰው የሚገባው ውኃ ነው። ውኃ ማቅረብ ሲቻለው ውብ ቃል የሚያቀርብ ሰው ቃሉንም ውበቱንም አዋርዷል። ነገር ግን መቃወሚያው የሚሠራ ሰው ውበትን አያይም በማለቱ ተሳስቷል። ለበሬው እንደ መልኩ ቡሬ፥ ቦራ፥ ዳልቻ እያለ ስም ያወጣለት ማን ነው? በጥላ የተቀመጠ መኰንን አይደለም፤ በፀሐይ የሚያርሰው ገበሬ ነው። ማሽላውን በዘለላው አወራረድና በፍሬው መልክ ለይቶ ለእያንዳንዱ ዐይነት ስም የሰጠው እርሱ ነው። ገንቦውን ውኃ ብቻ ቢይዝ በበቃው ነበር፤ ነገር ግን የሠራችው ሴት በአንገቱ ዙሪያ ጌጥ አድርጋበታለች። በነሐሴ ወር ሜዳው ሲለመልም የቆቦ ልጃገረዶች በሶለል በዓል ለምለሙን ሣር በወገባቸው አሥረው ሲጨፍሩ፥ ያ ሣር ውብ የሆነው በሰኔ አለመኖሩን ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ ውበትን ማየት የድሎት ልጅ ነው ማለት ለድኻው ያዘነ የሚመስል ንቀት ነው። ድኻው ሆድ ብቻ ያለው፥ ዐይን የሌለው ፍጥረት ተደርጎ ተቈጥሯልና።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከፊተኛው ይልቅ ረቂቅ ነው። ውበት ያታልላል ይላል። የግሪሳ መንጋ በማታ ብርሃን በሰማይ ላይ አንድ ጊዜ እንደ መጋረጃ ሲዘረጋ፥ አንድ ጊዜ እንደ ጭስ ሲጠቀለል፥ ከዚያ የሚያምር ነገር በቆላው የለም። ነገር ግን ያ መንጋ በማሽላው ላይ የወረደ እንደ ሆነ የዓመት ድካም ያጠፋል፤ ስለዚህ ልጆች በማማ ላይ ቆመው በወንጭፍ ሲከላከሉት ይውላሉ። ደመና የሌለበት ጥርት ያለ ሰማይ ያምራል፤ በሐምሌ ወር ግን ያ ጥራት የረኀብ መልእክተኛ ነው። ፀሐይ ስትገባ የሚታየው ቅላት የሚጎላው አየሩ አቧራ ሲሞላ ነው። በቀትር በሜዳው ላይ ውኃ የሚመስለውም ብልጭልጭታ የጋለ አየር የሚሠራው ሐሰት ነው፤ ከሩቅ ይጠራል፥ ሲቀርቡት ይሸሻል። እንግዲህ መልኩ ያማረ ሁሉ መልካም ካልሆነ፥ ውበትን መከተል ስሕተት አይደለምን?

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ውበት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም የሚል ነው። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ የሚፈርደው ግን ሌላ ነው። ግሪሳው ያማረ መሆኑ ምሕረት አያሰጠውም፤ ጠላት መሆኑም ውበቱን አያስክደውም። በማማ ላይ የቆመው ልጅ ወንጭፉን እያሽከረከረ የመንጋውን አዟዟር ቢያደንቅ ሁለቱን አንድ ጊዜ ማድረግ ይችላል፤ ያደርገዋልም። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የማያገኝ ሰው ቅኔውን አልሰማም፤ ሰሙን ንቆ ወደ ወርቁ የሚሮጥም እንዲሁ አልሰማም። ስለዚህ በሐሩር ጊዜ ውበትን በቅን የሚያይ ሰው ሐሩሩን ረስቶ አያየውም፤ ሐሩሩን እያወቀ ያየዋል። የገንቦዋ ላብ የሚያምረው ቀኑ የጋለ ስለ ሆነ ነውና፥ ሐሩሩን ከውበቱ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

እነዚህ ሁለት መልሶች አንድ ነገር ግን ገና አልፈቱም። በቅን ማየትና በክፉ ማየት በምን ይለያሉ? ለዚህ የነቢዩ ዮናስ ታሪክ ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። ዮናስ ከነነዌ ከተማ ወጥቶ በስተ ምሥራቅ ተቀመጠ፤ ሐሩሩም ጸናበት። አንዲት ቅል በራሱ ላይ ወጥታ ጥላ ሆነችለት፤ ስለ ቅሊቱም እጅግ ደስ አለው። በማግሥቱ ትል መታቻት፥ ደረቀችም፤ ትኵስ ነፋስም ተነሣ፥ እርሱም ሞትን ለመነ። የቀረበለትም ጥያቄ ላልደከመባትና ላላሳደጋት ቅል ካዘነ፥ ሰውና እንስሳ ለሞላባት ታላቅ ከተማ ማዘን አይገባምን የሚል ነበር። ዮናስ በቅሊቱ ደስ በመሰኘቱ አልተወቀሰም፤ ደስታ ኀጢአት አይደለምና። የተወቀሰው ደስታው በራሱ ጥላ ላይ ስለ ቆመ ነው። ለአንዲት ቅል የራራው ልብ ወደ ከተማይቱ መሻገር ሲገባው በዚያው ቀረ።

እንግዲህ መለኪያው ይህ ነው። ውበትን አይቶ የተደሰተ ሰው ከዚያ በኋላ ርኅራኄው ይሰፋል ወይስ ይጠባል? የማለዳውን ነፋስ ያጣጣመ ሰው በሌሊት የተጨነቀውን የጎረቤቱን ሕፃን ካሰበ፥ ማጣጣሙ ንጹሕ ነበር። ነገር ግን በር ዘግቶ «የእኔስ ቤት ነፋሻ ነው» ካለ፥ ያየው ውበት ሳይሆን ራሱን ነው። የገንቦዋን ላብ ያደነቀ ሰው ለመንገደኛ ከቀዳ፥ ማድነቁ ፍሬ አፈራ። በቆላ አገር ውኃ ለጠየቀ ሰው ማንነቱን ሳይጠይቁ መስጠት የቈየ ልማድ ነው፤ ይህ ልማድ የተገኘው የውኃን ውበት በሚያውቁ ሰዎች ዘንድ ነው።

ትንሽን ነገር በትዕግሥት ማየት ልብን እንደሚያሰፋ የአገራችን ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ሳለ፥ አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ሲታገል አየ ይባላል። ትሉ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ወጣ። ሌላ ሰው ያን ትል ሳያየው ረግጦት ባለፈ ነበር። ያሬድ ግን አየው፤ አይቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ እስከ ዛሬ የሚዘመረውም ዜማ ከዚያ መመለስ በኋላ መጣ። ከትሉ የተገኘው ደስታ ለያሬድ ብቻ አልቀረም፤ ለአገር ተረፈ።

ይህ ነገር ከቀድሞው ዘመን ይልቅ ለዛሬው ዘመን ያስፈልጋል። ሐሩሩ እየጨመረ ነውና። የዓለም የሜትዎሮሎጂ ድርጅት እንዳስታወቀው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 2024 ዓ.ም. መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከተቈጠሩት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር፤ የምድርም ሙቀት ፋብሪካ ሳይበዛ በፊት ከነበረው 1.55 ዲግሪ ያህል በልጧል። ምክንያቱም ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ጭስ ነው፤ ከዚህም ጭስ የራያ ገበሬ ድርሻ ከኢምንት የሚቈጠር ነው። ባላጠፋው ጥፋት የሚቀጣ ሰው መቈጣቱ ፍርድ ነው፤ ሊቈጣም ይገባዋል። ነገር ግን በእጁ ያለውንም ነገር መርሳት አይገባውም። ለከሰል የሚቈረጠው ግራር በእርሱ መንደር ያለ ነው። በቆቦና በጊራና ሸለቆ ሽንኵርቱን የሚያለማው ከጥልቅ ጕድጓድ የሚቀዳው ውኃም በአሸዋው ወንዝ በኩል ሰርጎ የሚተካ እንጂ መጨረሻ የሌለው አይደለም።

በዚህ ስፍራ የውበት ነገር የቅንጦት ነገር አለመሆኑ ይገለጣል። ሰው የማያየውን ነገር አይጠብቅም። ግራርን የማገዶ ክምር ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ለመቍረጥ አያመነታም። በቅጠሉ መካከል የሚወርደውን ብርሃን ያየ፥ የወፉን ስፌት የተመለከተ፥ በጥላውም ላቡን ያደረቀ ሰው ግን ምሳሩን ሲያነሣ እጁ ይከብደዋል። ችግር አስገድዶት ቢቈርጥ እንኳ በስፍራው ሌላ ይተክላል። በየመንገዱ ዳር የሚገኘው ትልቁ ሾላ በአንድ ዘመን አንድ ሰው ያልቈረጠው ቡቃያ ነበር። ያ ሰው ስሙ አይታወቅም፤ ጥላው ግን ይታወቃል። ከኢትዮጵያ ቆላዎች ግራሮች አንዱ ዐይነት ደግሞ ዛፍ ሁሉ በሚለመልምበት በክረምት ቅጠሉን አራግፎ፥ ዛፍ ሁሉ በሚደርቅበት በበጋ ይለመልማል። ስለዚህ በክረምት ከሥሩ የተዘራውን እህል ብርሃን አይከለክለውም፤ በበጋም ለከብት ጥላና ቅጠል ይሰጣል። ሁሉ ሲጠግብ ራሱን የሚሰውር፥ ሁሉ ሲያጣ የሚገኝ ወዳጅ እንዲህ ያለ ነው።

እንግዲህ ለፊተኛው ጥያቄ መልስ ይሰጥ። በሐሩር ጊዜ ውበትን ማየት በራሱ የደነደነ ልብ ምልክት አይደለም፤ የሕያው ልብም ማረጋገጫ አይደለም። ማየት የዘር ያህል ነው፤ ዘር በድንጋይ ላይም በእርሻ ላይም ይወድቃል። ሰው ያየውን ውበት ለራሱ ብቻ እንደ ዮናስ ቅል የያዘው እንደ ሆነ በማግሥቱ ትል ይበላዋል። ያየውን ወደ ጎረቤቱ፥ ወደ ከብቱ፥ ወደ ዛፉና ወደ ውኃው ያሻገረው እንደ ሆነ ግን ከሐሩሩ ወራት አልፎ ይቈያል። ስለዚህ በቀትር ጊዜ ከጥላ በታች የተቀመጠ ሰው፥ የወፉን ጎጆ ይመልከት፥ የብርሃኑንም ሥዕል ይመልከት፤ ማንም አይከልክለው። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ሸክም ይዞ የሚመጣ ሰው ባየ ጊዜ ጠጋ ብሎ ስፍራ ይስጠው። ያን ጊዜ ጥላው ለሁለት ሰው ይበቃል፤ የወፉም ጎጆ በሁለት ሰው ዐይን ይታያል።